የቀነስነውን ማን ይከፍለዋል?

በወርክሾፔ መግቢያ ላይ አንድ የተጣመመ አንጎላሬ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ለምን ለቁራሌው አትሸጠውም ብላችሁ የጠየቃችሁኝም አላችሁ፤ እስከ ዛሬ መልስ ሳልሰጥ አልፌአለሁ። አሁን ግን ዕድሜያችን ገፍቷል። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ በመንገዱ ግራና ቀኝ ከሚበይዱት ልጆች ብዙዎቹ ከእኛ እጅ የወጡ፣ ወይም ከእኛ እጅ ከወጡት የተማሩ ናቸው። ብየዳውን ብቻ ሳይሆን ዋጋ አነጋገሩንም የተማሩት ከእኛ ነው። ስለዚህ ቃሌ ለልጆቹ አይደለም፤ ለእናንተ ለእኩዮቼ ነው።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት ነው። አንዲት እናት የውሃ ታንከር ማቆሚያ ልታሠራ መጣች። የሰፈራችንን ውሃ ታውቃላችሁ። ከተማው ከሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ብዙው የሚቀዳው ከዚሁ ከአቃቂ ምድር ቢሆንም እኛ ቤት የሚደርሰው በፈረቃ ነው፤ ታንከር የሌለው ሰው ጀሪካን ሲሸከም ይውላል። ሴትየዋ የፈለገችው ባለ 2,000 ሊትር ታንከር ከጣሪያዋ ከፍ ብሎ የሚቀመጥበት ማቆሚያ ነበር። ዋጋ ነገርኳት። «ጋሼ፣ እዚያ ማዶ ያለው ከዚህ በብዙ ቀንሶ ነግሮኛል» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ሥራ አልነበረኝም፤ የቤቱ ኪራይ ደግሞ ደርሷል። ማዶ ካለው ዋጋ ዝቅ ብዬ ተቀበልኩ።

ቀብዱን ይዤ ብረት ልገዛ ስሄድ ገንዘቡ ያሰብኩትን ብረት አልገዛ አለኝ። ባለ 5 ሚሊውን አንጎላሬ ትቼ ባለ 3 ሚሊውን ገዛሁ። እግሮቹን የሚያስተሳስረውን አግዳሚ ከሁለት ዙር ወደ አንድ ዙር ቀነስኩ። ኤሌክትሮድ ለመቆጠብ ብዬ መጋጠሚያውን ዙሪያውን መሙላት ሲገባኝ ጠቅ ጠቅ አድርጌ ተውኩትና ቀለም ቀባሁበት። ቀለም ከደረቀ በኋላ የሞላ ብየዳና ያልሞላ ብየዳ ለባለቤቱ አንድ ይመስላል። ለእኛ ግን አንድ አይመስልም። እኔ አውቅ ነበር።

2,000 ሊትር ውሃ 2 ቶን ነው። ማቆሚያው ሁለት ክረምት ቆመ። በሦስተኛው ክረምት አፈሩ ረጥቦ አንዱ እግር ትንሽ ሲሰምጥ ሸክሙ ወደ እሱ አዘነበለና ያ እግር ተጣጠፈ። ታንከሩ ወርዶ የወጥ ቤቱን ግድግዳ አፈረሰ። ቀን ቀን የሴትየዋ የልጅ ልጆች ጥላ ፈልገው ከሥሩ ይጫወቱ ነበር። እግዚአብሔር ሌሊት አደረገው። በማግስቱ ስሄድ አልጮኸችብኝም፤ ጣቢያም አልወሰደችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ እንደማይችል ታውቅ ነበር?»

በወርክሾፔ መግቢያ ላይ የቆመው ብረት ያ እግር ነው።

ይህን የምነግራችሁ ኃጢአቴን ልናዘዝላችሁ አይደለም፤ ለዚያ ካህን አለ። የምነግራችሁ የቀነስኩት ገንዘብ የት እንደ ሄደ ያን ቀን ስላየሁ ነው። ዋጋ ስንቀንስ ልዩነቱ በንኖ የሚጠፋ፣ እኛ ችለነው የሚያልፍ ይመስለናል። በንኖ አይጠፋም። ከብረቱ ውፍረት ይቆረጣል፣ ከብየዳው ሙላት ይቆረጣል፣ ከረዳቱ ልጅ ዓይን ይቆረጣል። የሚከፍለው ሰው ድርድሩ ላይ አልነበረም። እኔ የቀነስኩትን ሊከፍሉ የነበሩት ከማቆሚያው ሥር የሚጫወቱት ሕፃናት ናቸው።

እስቲ ዋጋ ስንጠየቅ የምናደርገውን እንመልከት። ደንበኛ ይመጣል፣ ልኩን ይነግረናል፣ እኛ ስንት ካሬ ነው ብለን በሰፈሩ ዋጋ እናባዛለን፣ ትንሽ ይከራከረናል፣ ትንሽ እንቀንሳለን፣ ቀብድ እንቀበላለን። ወረቀት የለም፣ ስሌት የለም። የሰፈሩ ዋጋ ከየት መጣ? አንዱ ከሌላው ሰምቶ፣ ሌላው ከዚያኛው ትንሽ ቀንሶ። መጀመሪያ ቆጥሮ ያወጣው ሰው ማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም የለም።

በካሬ መተመን ከኮንዶሚኒየሙ ዘመን ጋር ሥር የሰደደ ልማድ ይመስለኛል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ግንባታው ሲጀመር በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች በርና መስኮት ማምረት ያዙ፤ ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል፣ ያን አልክድም። ያኔ መስኮቱ በመቶ የሚቆጠር፣ ልኩም አንድ ዓይነት ስለነበር በካሬ ማሰብ ብዙ አያሳስትም ነበር። ዛሬ ግን በራችን ላይ የሚመጣው ሥራ አንድ በር፣ ሁለት መስኮት፣ አንድ ፍርግርግ ነው። ካሬ እዚህ ላይ ይገድላል።

አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ከ20 የሆነ መስኮት 1.8 ካሬ ነው፤ ዙሪያው 5.4 ሜትር ብረት ይበላል፤ የሚቆረጥ፣ የሚገጠም፣ የሚበየድ፣ በግራይንደር የሚስተካከል 4 ማዕዘን አለው። ባለ 60 በ60 ሳንቲም የመጸዳጃ ቤት መስኮት 0.36 ካሬ ነው። አምስቱ ተደምረው ያው 1.8 ካሬ ይሆናሉ። በካሬ የምትተምኑ ከሆነ ለአምስቱ የምትጠይቁት ለአንዱ ትልቅ መስኮት የጠየቃችሁትን ነው። አምስቱ ግን 12 ሜትር ብረትና 20 ማዕዘን አላቸው። ከሁለት እጥፍ በላይ ብረት፣ አምስት እጥፍ የማዕዘን ሥራ፣ አምስት ጊዜ ማጠፊያ፣ አምስት ጊዜ መቀርቀሪያ፣ በአንድ መስኮት ዋጋ። ይህን ለአንዱ ወዳጃችን በጠመኔ ላሜራ ላይ ጽፌ ሳሳየው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቁጥሩን አየ። ለ20 ዓመት እንደዚያ ሲሠራ ነበር።

ብረቱ ራሱም የሚሸጥልን በሜትራችን ልክ አይደለም። ቱቦላሬ 6 ሜትር ነው። 17 ሜትር የሚበላ የግቢ በር 18 ሜትር ያስገዛል፤ ቀሪዋ 1 ሜትር ጥግ ላይ ትዝጋለች። ዋጋውን በ17 ያሰበ ሰው ያቺን 1 ሜትር ለደንበኛው ሸልሟል። ኤሌክትሮድም እንዲሁ ነው። ከአንድ ፓኮ ውስጥ ብየዳ ሆኖ ብረቱ ላይ የሚቀረው በክብደት ከሁለት ሦስተኛ አይበልጥም፤ ሌላው ቅርፊት፣ ጭስ፣ ፍንጣሪና ከመያዣው የሚጣል ጉማጅ ነው። የመቁረጫ ዲስኩን ስንቶቻችን በዋጋ ውስጥ እንቆጥረዋለን?

ግን ከብረቱም ይልቅ የምንጥለው ጊዜያችንን ነው። አንድ ወር ሙሉ ደብተር ይዤ ነበር። ኮዬ ፈጬ ቤት ላሠራ ሰው አንድ የግቢ በር ሠራሁ። ቆረጣውና ብየዳው 9 ሰዓት ወሰደ። ልክ ልወስድ ሄጄ ለመመለስ 3 ሰዓት፣ ብረት ለመግዛትና ለማስጫን 4፣ ለማለስለስና ቀለም ለመቀባት 4፣ ወስዶ ለመትከል 6፣ መቀርቀሪያው አልገጠመም ተብሎ ለመመለስ 2፣ ቀሪ ሒሳቤን ለመቀበል በሁለት ጊዜ ምልልስ 3 ሰዓት። ይህ 22 ሰዓት ነው። እኔ ዋጋ ስናገር በሐሳቤ የነበረው ግን ያ 9 ሰዓት ብቻ ነበር። ደንበኛውም ቆሞ ያየው ያንኑ ነው። 22ቱን ሰዓት ማንም አላየውም፤ እኔም ጭምር።

በወሩ መጨረሻ ደመርኩ። 26 የሥራ ቀን፣ በቀን 8 ሰዓት፣ 208 ሰዓት ወርክሾፑ ክፍት ነበር። ከዚያ ውስጥ ሰው የከፈለኝ ሰዓት 97 ብቻ ሆኖ አገኘሁት። የቀረው መብራት ሲጠፋ፣ ሰው ሲጠበቅ፣ ብረት ሲፈለግ ያለፈ ነው። እንግዲህ ኪራዩ፣ መብራቱ፣ የልጁ ደመወዝ፣ ግብሩ፣ የማሽኑ ድካም ሁሉ የሚሸፈነው በ97ቱ ሰዓት ነው እንጂ በ208ቱ አይደለም። ወጪውን በ208 አካፍሎ የሚተምን ሰው ከግማሽ የሚበልጠውን ከራሱ ኪስ እየከፈለ ይሠራል። ኪሱ ሲደርቅ ደግሞ ወዴት እንደሚሄድ ነግሬአችኋለሁ፤ ወደ ባለ 3 ሚሊው ብረት ነው።

በላሜራም እንዲሁ ነው። 1 ሚሊ ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ 7.85 ኪሎ ይመዝናል። 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ በር በአንድ ገጽ 47 ኪሎ ላሜራ ይፈልጋል። በ0.8 ሚሊ ሲሠራ ከ38 ኪሎ በታች ይወርዳል። ወደ 9 ኪሎ ተኩል ብረት ከሰው በር ላይ ተወስዷል፤ በዓይን አይታይም፣ ቀለም ከተቀባ በኋላ በእጅም አይለይም። ስሙ ሲጠራ ስርቆት ነው፤ ሌላ ስም ልናወጣለት አይገባም። ከመካከላችን ይህን ያደረገ ሁሉ ግን ሌባ ሆኖ የተወለደ አይደለም። ብዙው በሰኞ ድርድር ያልቆጠረውን ረቡዕ ብረት መሸጫው ፊት ቆሞ የቆጠረ ነው።

ሌላው ደግሞ፣ ዋጋ የቆመ ነገር ይመስለናል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። እዚሁ ቃሊቲ ቱቦላሬና ኤልቲዜድ ይመረታል፤ ጥሬ ዕቃው ጥቅል ላሜራ ግን በጅቡቲ በኩል ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነው። በሰኔ በቃል ዋጋ ተናግረን፣ ቀብድ ተቀብለን፣ ብረቱን ለነሐሴ ያቆየን ሰዎች ምን እንደ ደረሰብን ማናችንም አንረሳም። የመብራት ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ለአራት ዓመት እንዲቀጥል ሆኖ የወጣ ነው። እንዲህ ባለ ዘመን ቀን ያልተጻፈበት ዋጋ መስጠት ራስን በገመድ ማሰር ነው። «ይህ ዋጋ እስከዚህ ቀን ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ቀብዱ ቢያንስ ብረቱን የሚገዛ ይሁን፤ ቀብድ በተቀበላችሁበት ቀን ብረቱን ግዙ። ቀብዱን ለኪራይ፣ ለዕቁብ፣ ለቤት ወጪ አታውሉት። የደንበኛው ብረት ነው እንጂ የእናንተ ገንዘብ አይደለም።

ስለ ጥቃቅኑ ሥራ ደግሞ ልናገር፤ ከሁሉ ይልቅ የምንሳሳተው እዚያ ነውና። ምድጃ፣ የወንበር እግር፣ የጋሪ ማያያዣ፣ የባጃጅ መከላከያ። «ጠቅ አድርግልኝ ብቻ» ይባላል። ለዚያች ጠቅታ የተያዘው ሥራ ይቆማል፣ ገመድ ይጎተታል፣ ዝገት ይፋቃል፣ ኤሌክትሮድ ይለኮሳል፣ ሰው ወሬ ይዞ ይቆማል፤ ግማሽ ሰዓት ሄዷል። የምንጠይቀው የሻይ ዋጋ ነው። በቀን አምስት ጊዜ ስንቆም ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እኔ አሁን መነሻ ዋጋ አለኝ፤ ከዚያ በታች ማሽን አላስነሳም፤ ግድግዳ ላይ ጽፌዋለሁ። ድሃ ሴት ምድጃዋን ይዛ ስትመጣ አላስከፍላትም። የዕድራችን ድንኳን ብረትም ሲሰበር በነጻ ነው። ስጦታ ግን ስጦታ መሆኑን አውቄ፣ ደብተሬ ላይ ጽፌ እሰጣለሁ። ሳላውቅ የምሰጠው ነው የሚያሳስበኝ። መኪና እያሽከረከረ መጥቶ «አሁን ለሙከራ ቀንስልኝ፣ ብዙ ሥራ አመጣልሃለሁ» ለሚለው ሰው ስንቶቻችን ቀንሰናል? ያ ብዙ ሥራ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ቢመጣም በዚያው በተቀነሰው ዋጋ ነው የሚመጣው።

ሰዎቻችን ለምን እጃቸውን እንዲህ ያረክሳሉ ብዬ ብዙ አስቤአለሁ። አያቶቻችን ብረት ቀጥቃጩን ቡዳ ብለው ማረሻውን ከእሱ እየገዙ ማዕድ ከእሱ ጋር አይቆርሱም ነበር። አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ ቢያገኙት ነው። ቃሉን ልብ በሉት፦ ባለ እጅ። ሀብቱ እጁ ነው ማለት ነው። ዛሬ የሚሰድበን የለም፤ ልጆቻቸውን ይድሩልናል፣ በዕድርም እንመረጣለን። ነገር ግን ደንበኛ «ብረቱ ይህን ያህል ያወጣል፣ ታዲያ ሌላው የምንድን ነው?» ሲለን አንገታችንን እንደፋለን። «የእጅ ነው» ለማለት እናፍራለን። ብረት የሸጠን ነጋዴ ትርፉን ሲጠይቅ አላፈረም። ሹፌሩ የጭነቱን ሲቀበል አላፈረም። ብረቱን በር ያደረገው ሰው ብቻ ያፍራል። ያ ስድብ በአዋጅ ከአደባባይ ሲወጣ እኛ ውስጥ ገብቶ እንዳይሆን እፈራለሁ።

አሁን ወደ ልጆቹ። በየደጃችን በፀሐይ መነጽር የሚበይዱ ልጆች አሉ። ማታ ዓይናቸው ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስላቸዋል፤ ያለቅሳሉ፤ ጠዋት ይመለሳሉ። ጋልቫናይዝድ ብረት በተዘጋ ቤት በይደው ማታ ብርድ ብርድ እያላቸው የሚያተኩሳቸው አሉ። ወተት ጠጡ እንላቸዋለን። ወተት ጭሱን ከሳንባ አያወጣም። ጭሱን የሚያስቀረው ሽፋኑን ፍቆ መበየድ፣ ነፋስ ባለበት መበየድና ጭንብል ነው፤ እነዚህ ሁሉ ጊዜና ገንዘብ ናቸው። የብየዳ ጭንብል፣ የቆዳ ጓንት፣ ክረምት ላይ ያልተላጠ ገመድ በዋጋችን ውስጥ ካልተቆጠሩ በወርክሾፓችን ውስጥ አይኖሩም። አብሮኝ የሠራ አንድ ልጅ ዛሬ መርፌ ክር ማስገባት አይችልም፤ ገና 30 ዓመቱ ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ መነጽሩን ያልገዛሁለትም እኔ ነኝ። በዚያ ዘመን በዋጋ ማንም አያሸንፈኝም ነበር።

ተሰብስበን አንድ ዋጋ እንቁረጥ አልላችሁም፤ ተስማምቶ ሕዝብ ማስጨነቅ ደግም ሕጋዊም አይደለም። ኪራያችሁ ከኪራዬ ይለያል፣ ፍጥነታችሁ ከፍጥነቴ ይለያል፤ ዋጋችንም ይለያይ። ቆጥራችሁ ከእኔ ያነሰ ከመጣ ሥራው የእናንተ ነው፤ ቅር አይለኝም። የማስጠነቅቃችሁ ሳትቆጥሩ ስለምትሰብሩት ዋጋ ነው። ማዶ ያለው የተናገረውን ሰምታችሁ ከዚያ በታች ስትናገሩ እሱም ነገ ከእናንተ በታች ይናገራል፤ እንዲህ እየተባባልን ወርደን ማናችንም ባለ 5 ሚሊ የማንገዛበት ቦታ ደርሰናል። አንዳንዶቻችሁን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃችኋለሁ። እጃችሁ ከእጄ ይበልጣል። ግን ባለፈው ወር ከሠራችሁት ውስጥ ለራሳችሁ ቤት የማትተክሉት አለ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

ነገ ጠዋት አንዲት ሴት ወደ እኔ ትመጣለች፤ በስልክ ተነጋግረናል። የታንከር ማቆሚያ ነው የምትፈልገው። ቆጥሬ ጨርሻለሁ፤ ባለ 5 ሚሊ አንጎላሬ፣ ሁለት ዙር አግዳሚ፣ ዙሪያውን የሞላ ብየዳ፣ ከእግሩ ሥር ኮንክሪት፣ የሰዓቴ፣ የልጁ፣ የጭነቱ። ዋጋው ይከብዳታል። ከእኔ ቀጥላ ወደ እናንተ ወደ አንዳችሁ ትሄዳለች፤ የእኔን ዋጋም ትነግራችኋለች። ከመቀነሳችሁ በፊት ታንከሩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቋት። ከሥሩ ማን እንደሚቀመጥም ጠይቋት።